ፑንቲናዋን አትጣል

ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት የአባቷን ቮልስ ይዛ መጣች። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መኪናዋ ግቢውን ስታልፍ ሁለት ሦስቴ ሳለች፤ ፔዳሉ ተለቆ ሚኒሞ ላይ ስትደርስ ጠፋች። ልጅቷ ወርዳ ትንሽ ካርቶን ዘረጋችልኝ። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይግጠሙልኝ። ከዚህ በኋላ ችግር የለም ብለውኛል» አለች። ካርቶኑን ሳልከፍተው ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ። ከሮተሩ ሥር የምትጠለቅ የማግኔት ቀለበት፣ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ጥቁር ሴንሰር፣ አንድ ቀይና አንድ ጥቁር ሽቦ።

ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። የኋላውን ኮፈን ከፍቼ የስፒንተሮጀኖውን ክዳን አነሳሁና ዘንጉን በሁለት ጣቴ ይዤ ወዲያና ወዲህ ገፋ አደረግኩት። ሊወልቅ እንደ ደረሰ የወተት ጥርስ ተነቃነቀ።

«ልጄ፣ ይህን ዛሬ ብገጥምልሽ መኪናሽ ትነሳለች፤ ደስ ብሎሽም ትሄጃለሽ» አልኳት። «ሕመሟ ግን እዚህ ነው ያለው።»

እንግዲህ ወዳጄ፣ አንተም ቀረብ በል። ጋራዥ ውስጥ እርስ በርሳችን የምንነጋገረው፣ ባለ መኪናው ሲገባ ግን ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግበት አንድ ጉዳይ አለ። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን የሚሉት ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ እኔም በብዙ መኪና ላይ ገጥሜዋለሁ። ያረጀ ስፒንተሮጀኖ ግን አያድስም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። መሸፈኑ ደግሞ ለእኛ ለሠራተኞቹ ይመቸናል። ዕቃውን መግጠም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ባለ መኪናውም አዲስ ነገር በዓይኑ አይቶ ሳይከራከር ይከፍላል። ስፒንተሮጀኖውን ፈትቶ፣ በቤንዚን አጥቦ፣ ቡሽ አስቀርጾ መልሶ መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሲያልቅም ከውጭ የሚታይ ለውጥ የለውም። ለማይታይ ሥራ ገንዘብ መጠየቅ ይከብዳል። ስለዚህ ዝም ይባላል። እኔም ዝም ያልኩባቸው ቀኖች አሉ፤ ዛሬም ይቆጩኛል።

አሁን ግን ዝም ማለቱ ጥፋት ይመስለኛል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ነው፤ ቁጥሯም 21,529,464 ነበር። ከእሷ በኋላ አልተሠራችም። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። እጅህ ላይ ያለችውን ብታበላሻት ምትኳን አታገኝም። አባትህ አንተን ትምህርት ቤት ያደረሰባት፣ እናትህን ለምጥ የወሰደባት መኪና ከሆነች ደግሞ ምትክ የሚለው ቃል ራሱ አይሠራም።

ቃሎቻችንን ልብ ብለህ ታውቃለህ? ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር አይችሉም፤ መኪናን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣሊያንኛ ይጠሩታል። ስፒንተሮጀኖ የሚለውን ቃል ሲናገሩት እንደ ቅዱስ ስም ቀስ ብለው ነበር። አሁን ወጣቶቹ ዲስትሪቢዩተር ይሉታል። ዕቃው አንድ ነው።

በውስጡ የሚሆነውን ካላወቅህ ግን የምትገዛውን አታውቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሠኝ። ቦቢናው ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ። አንዱ ወፈር ያለ፣ ዙሩም ጥቂት ነው፤ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ዙሩ በሺዎች የሚቆጠር። ፑንቲናዋ፣ ስፒንተሮጀኖው ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋ ትንሽ መገናኛ፣ ስትገጥም የባትሪው 12 ቮልት በወፍራሙ ያልፍና የማግኔት ኃይል ይከማቻል። ዘንጉ ዞሮ ፑንቲናዋን ሲከፍታት የተከማቸው ኃይል በአንዴ ይፈርሳል፤ በዚያች ቅጽበት በቀጭኑ ጥቅል ላይ ከ10,000 ቮልት የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ካንዴላው ጫፍ ላይ ዘሎ ቤንዚኑን የሚለኩሰው እሱ ነው። ጎን ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ፣ ኮንዴንሰሯ፣ ፑንቲናዋ በተከፈተች ቁጥር እሳቱ እዚያው ከንፈሯ ላይ እንዳይነድ ትከላከላለች። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ለካዲላክ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ሞዴል ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዓለም መኪና አብዛኛው በዚሁ ነው የሄደው።

አሁን ስሌቱን እይ። የቮልስ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናዋ በሴኮንድ 100 ጊዜ ትከፈታለች። ለእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ያላት ጊዜ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ነው። ክፍተቷ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዘንጉ ጋር የምትፋተገው እግሯ ደግሞ ፋይበር ናት። ፋይበሯ በተበላች ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ፑንቲናዋ ዘግይታ ትከፈታለች፤ እሳቱ ይዘገያል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ይሞቃል። ይህ በአንድ ቀን አይሆንም። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ባለቤቱ ይለምደዋል፤ «አርጅታለች» ብሎ ይተዋታል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ማየት የነበረበት ሰው ሁለት ዓመት ሳያያት ይቀራል።

ኤሌክትሮኒኩ የሚያሸንፈው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሯ ምንም አትነካም። የማግኔት ቀለበቱ በፊቷ ሲያልፍ ትሰማዋለች፤ ትራንዚስተር የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። የሚሠራበትን የተፈጥሮ ሕግ ኤድዊን ሆል የተባለ ሰው ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1879 ነው። ፑንቲና የሌለው ኢግኒሽን መኪና ላይ ለመድረስ ግን ትራንዚስተር እስኪረክስ መጠበቅ ነበረበት፤ ክራይስለር አሜሪካ ውስጥ በሚሠራቸው መኪኖቹ ሁሉ ፑንቲናን ያስቀረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ጀኔራል ሞተርስም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። የማይነካ ነገር አይበላም። ዛሬ ያስተካከልከው ታይሚንግ፣ እሳቱ የሚነሳበት ጊዜ፣ ከዓመት በኋላም እዚያው ነው። ዕቃው የሚከፈልበት ጥቅም ይህ ነው።

«ጉልበት ትጨምራለች?» ይሉኛል። በደንብ ከተስተካከለች ፑንቲና ጋር ካወዳደርካት አትጨምርም። ፑንቲና የምትሸነፈው ሞተር በጣም ሲፈጥን፣ መዝጋት አቅቷት ስትነጥር ነው፤ ቮልስ እዚያ ፍጥነት አትደርስም። ብዙ ሰው ዕቃው ተገጥሞለት ከጋራዥ ሲወጣ «አዲስ ሆነች» የሚለው የተበላሸችው ፑንቲና ስለወጣችለት ነው። ያኑ ቀን አዲስ ፑንቲና ብናስገባለትም በዚያው ቃል ያመሰግነን ነበር።

ወደ ልጅቷ መኪና ልመለስ። እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል፣ 1300 ሞተር፣ ስፒንተሮጀኖዋ ባለ ቫክዩም። የተነቃነቀው ዘንግ የመጀመሪያው ነገር ነው። ዘንግ ሲወዛወዝ የፑንቲና ክፍተት በአራቱ ሲሊንደር አራት ዓይነት ይሆናል፤ አንዱ ላይ 0.4 ስታደርገው ሌላው ላይ 0.3 ይሆንብሃል። ለዚህ ነው ሚኒሞ ላይ የምትጠፋው። ሴንሰሯ ለዚህ ውዝዋዜ እንደ ፑንቲና አትደነግጥም፤ አብዛኛውን ትታገሠዋለች። ሽፋን ያልኩህ ይህንን ነው። መኪናዋ ትረጋጋለች፤ ዘንጉ ግን መበላቱን አያቆምም፤ እሳቱም ሙሉ በሙሉ ልክ አይሆንም። ጊዜው ሲደርስ ሮተሩ የክዳኑን ውስጥ መፋቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ስፒንተሮጀኖው ራሱ አይተርፍም።

ሁለተኛው ቫክዩሙ ነው። ይህን አንተም ቤትህ ማየት ትችላለህ። ከካርቡሬተሩ ወደ ስፒንተሮጀኖው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ከካርቡሬተሩ በኩል ነቅለህ በአፍህ ሳበው። ውስጥ ያለው ሳህን ዞር ማለት አለበት፤ ጫፉን በምላስህ ስትዘጋውም እዚያው መቆየት አለበት። ልጅቷን ራሷን እንድትስበው አደረግኳት። ሳበች፤ አየር ብቻ መጣ። ጎማው ተቀዷል። በእንዲህ ዓይነቱ የቮልስ ስፒንተሮጀኖ ውስጥ ሞተር ሲፈጥን እሳቱን የሚያስቀድም ክብደትና ስፕሪንግ የለም፤ ሁሉም ነገር በዚያች ጎማ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ጎማዋ ከተቀደደች ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ በሚኒሞ ታይሚንግ ነው የምትነዳው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ብዙ ቮልሶች ላይ ደግሞ ባለ ቫክዩሙ ወጥቶ 009 የሚባለው የቦሽ ስፒንተሮጀኖ ተገጥሟል፤ እሱ በክብደት ብቻ የሚሠራ ነው። ፔዳሉን ረገጥ ስታደርግ መጀመሪያ ላይ ደንቀፍ የምትልብህ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፤ ቫክዩም የለም፣ ክብደቶቹም ገና አልተነሱም። ሰው ይህን መደነቃቀፍ ለማስቀረት ኤሌክትሮኒክ ይገዛል። አይቀርም። ስትገዛም ስፒንተሮጀኖህ የቱ እንደሆነ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብብ፤ ለ009 የተሠራው ለባለ ቫክዩሙ አይሆንም።

ሌላም አለ፤ ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በአንዳንድ የድሮ የቮልስ ስፒንተሮጀኖዎች ላይ ፋብሪካው ሆን ብሎ የ3ኛውን ሲሊንደር እሳት ጥቂት ዲግሪ አዘግይቶታል። የዘይት ማቀዝቀዣው ከዚያ ሲሊንደር የሚደርሰውን ንፋስ ስለሚከልል ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፤ ማዘግየቱ እንዳይቃጠል ነው። የማግኔት ቀለበቱ አራቱን እኩል አድርጎ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ዕቃው ሲገባ ፋብሪካው ለ3ኛው ያሰበለት ጥበቃ ይቀራል። መኪናዋን አይገድላትም፤ ግን ታይሚንጉን የሚያስተካክልልህ ሰው ይህን አውቆ እጁን መሰብሰብ አለበት።

የልጅቷን ስፒንተሮጀኖ አውጥቼ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። የብሮንዝ ቡሽ ተቀረጸለት። ቫክዩሙን ሶማሌ ተራ ሄጄ ከአሮጌዎቹ መካከል እየሳብኩ፣ አንድ በአንድ እየሞከርኩ፣ አየር የማያስገባውን መረጥኩ። ልጅቷ ሦስት ቀን ጠበቀች። በየቀኑ ትደውላለች፤ ቶሎ በል አትልም፣ «ምን ተገኘባት?» ነው የምትለው። እንዲህ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲገኝ ሥራ ይጣፍጣል።

ከዚያ በኋላ ነው ኤሌክትሪኩን መፈተሽ የጀመርኩት። ብዙ የተቃጠሉ ዕቃዎች ያየሁት እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልንገርህ።

የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ኳድሮው፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበት፣ ከፊት ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው። ስለዚህ ለቦቢናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በኳድሮው ያልፋል፣ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። ከ50 ዓመት በላይ የቆየ ሽቦ፣ የዛገ ፊውዝ መያዣ፣ የተበላ ኳድሮ። ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ለክቼ ቦቢናው ላይ ስደርስ 10.5 አገኘሁ። ሞተሪኖው ሲዞር ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ፑንቲና በዚህ ትስቃለች፤ በደከመ ቮልትም ቢሆን የምትችለውን ትሰጣለች። ሴንሰር ግን ከተወሰነ ቮልት በታች ሥራዋን ትተዋለች። ሰው «ዕቃው አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ዕቃው ግን አልተመገበም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከባትሪው በቀጥታ አዲስ ሽቦ ይመጣል፣ መሐሉ ላይ ሪሌ ይገባል፣ የድሮው ሽቦ ሪሌውን ብቻ ይከፍታል። የቮልሷ መልክ አይነካም፤ ማንም አያየውም።

ቦቢናውን ለካ። በሁለቱ ትናንሽ ጫፎች መካከል 3 ኦም ገደማ ካገኘህ ጥሩ ነው፤ 12 ቮልት ለ3 ሲካፈል 4 አምፔር ይሆናል፣ ዕቃው ይችለዋል። ከሌላ መኪና የመጣ 1.5 ኦም ቦቢና ሆኖ አብሮት የሚሠራው ሬዚስተር ከቀረ ግን እጥፉ ነው የሚያልፈው፤ ሴንሰሯ ትነዳለች። ቮልስህ እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል በፊት ከሆነች ደግሞ 6 ቮልት ልትሆን ትችላለች፤ የ12 ቮልቱን ዕቃ አትግዛ። ዲናሞውም ይታይ። ሬጉላተሩ ተጣብቆ 16 እና 17 ቮልት የሚልክ ከሆነ አምፖል ብቻ አይደለም የሚበላው።

ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ አካል የሚመለስበትን፣ አትርሳ። ስፒንተሮጀኖው ውስጥ በቫክዩም የሚዞረውን ሳህን ከአካሉ ጋር የሚያያይዝ አንድ የተጎነጎነ ቀጭን ሽቦ አለ። ሳህኑ በዞረ ቁጥር እሱ ይታጠፋል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ከላይ ያለ መስሎ ከውስጥ ይበጠሳል። ሴንሰሯ ማሳዋን የምታገኘው በእሱ በኩል ነው። ሲበጠስ መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ትሄዳለች፣ ፔዳል ስትነካ ትጠፋለች፣ እንደገና ትነሳለች። ይህን ሲያሳድዱ ካርቡሬተር የቀየሩ፣ የቤንዚን ፓምፕ የቀየሩ፣ ታንከር ያሳጠቡ ሰዎች አውቃለሁ። ሽቦዋ ከጣት አትረዝምም።

ቁልፉን ደግሞ ለልጆችህም ለአጣቢህም ንገር። የብዙዎቹ ዕቃዎች መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ተከፍቶ አይቆይ። አንድ ደንበኛዬ ዕቃው በተገጠመ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። መኪናዋን የሚያጥብለት ልጅ ሙዚቃ ለመስማት ቁልፉን ከፍቶ አንድ ሰዓት ትቷት ነበር። ቦቢናው እጅ ያቃጥላል፣ ሴንሰሯ ሞታለች። ልጁ ቆሞ አለቀሰ። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ እኔ ነኝ ያልነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ ሳስረክብ መጀመሪያ የምናገረው ይህንን ነው።

ለምደህ የነበረውን ገፍቶ ማስነሳትም አስብበት። ቮልስን ያሳደገው ግፊ ነው ማለት ይቻላል፤ ባትሪ ሞቶም ቁልቁለት ላይ ትነሳ ነበር። ኤሌክትሮኒኩ ከገባ በኋላ ባትሪው ፈጽሞ ካለቀ መግፋቱ ብዙም አይረዳህም፤ ለሴንሰሯ የሚበቃ ቮልት እስኪገኝ ድረስ እሳት የለም። በገመድ ባትሪ ስትጋራም ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ሁለት ጊዜ እይ። የተገለበጠ ገመድ ፑንቲናን ምንም አያደርጋትም፤ ሴንሰርን ግን በዓይን ጥቅሻ ይጨርሳታል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሞተሩም የሚተነፍሰው እሱኑ ነው። ቀጭን አየር ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ስለዚህ እሳቱ ትንሽ ቀደም ቢልለት ይወዳል። ለዚህ ሞተር የተጻፈው 7.5 ዲግሪ ነው፤ እኔ ለአዲስ አበባ ሁለት ዲግሪ እጨምራለሁ፣ ሞተሩን እያዳመጥኩ። ሌላው ደግሞ ሰው የማያስበው ነው። ቀጭን አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ያንሳል፤ ከፍተኛ ቮልት በስፒንተሮጀኖው ክዳን ውስጥ ወደማይገባው ጫፍ የመዝለል ዕድሉ ይጨምራል። አውሮፕላን ሠሪዎች ይህን ችግር ከጥንት ያውቁታል። ስለዚህ «40,000 ቮልት» ተብሎ የተጻፈበት ቀይ ቦቢና ገዝተህ በተሰነጠቀ አሮጌ ክዳን ላይ ስትጭነው፣ በዚያ ላይ የሐምሌ እርጥበት ሲታከልበት፣ እሳቱ ካንዴላ ሳይደርስ ክዳኑ ውስጥ ይቀራል። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን አስነሳና እይ፤ ሽቦዎቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ ካየህ ገንዘብህን ለክዳንና ለካንዴላ ሽቦ አውጣው፣ ለቦቢና አይደለም።

«ወዴት ነው የምትነጂያት?» አልኳት ልጅቷን። ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ታይሚንግ አልዘጋም። «እናቴ ደጀን ናት» አለች።

ደጀን ማለት ዓባይ በረሃ ማለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፤ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃል። ከዚያ ያንኑ ያህል ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ትወጣለህ። ለአዲስ አበባ የተሰጠው ትርፍ ዲግሪ እዚያ ታች ሲደርስ ትርፍ ይሆናል፤ ሞተሩ ዳገቱ ላይ ማንኳኳት ይጀምራል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ በረሃ፣ ዳገት፣ የቀደመ እሳት። የሲሊንደር ራስ የሚሰነጠቀው እንዲህ ነው። ስለዚህ ለእሷ መኪና 7.5 ላይ ተውኩት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ብትለሰልስ ይሻላል።

ዕቃውን ገጠምኩ። ቀለበቱን አጠለቅኩ፣ ሴንሰሯን አሰርኩ፣ ቀዩን ወደ ቦቢናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ወደ ኔጋቲቩ፤ ኮንዴንሰሯን አወጣሁ። ታይሚንጉን ድሮ እንደምናደርገው በትንሽ አምፖል አልለካሁትም፤ ሴንሰር ሲገባ ሞተሩ እየሠራ በስትሮብ መብራት ነው የሚታየው። ቁልፉን አዞርኩ፤ በግማሽ ዙር ተነሳች። ሚኒሞ ላይ ቆመች፤ አልሳለችም። ልጅቷ ኮፈኑ ላይ እጇን አስደግፋ ዝም ብላ ሰማቻት።

ሥራው ግን አላለቀም። ከሁሉ ይበልጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የምነግርህ ይህን ነው፤ ብዙ ጋራዥ የድሮዋን ፑንቲና ቆሻሻ ውስጥ ይጥላታል። አስመልስ። ፑንቲና ስትሞት እያቃሰተች ነው፤ ሳምንታት ታስጠነቅቅሃለች፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ብትቆምብህም በክብሪት ቀፎ ጎን ፍቀህ፣ የቀፎውን ወረቀት መሐሏ አስገብተህ ክፍተቷን ለክተህ ትነሳለህ። ሴንሰር ስትሞት ቃል አትናገርም። አንድ ጊዜ አለች፣ ቀጥሎ የለችም። የሚጠግናትም የለም።

ስለዚህ አዲስ ፑንቲና፣ ኮንዴንሰር፣ የሳህኗን ብሎን፣ አንድ አጭር ካቻቢቴ በጨርቅ ጠቅልዬ ለልጅቷ ሰጠኋት። «አሁን አንቺ አውጪና ቀይሪው» አልኳት።

ደነገጠች። ከዚያ ፀጉሯን አሰረችና ጎንበስ አለች። ክዳኑን አነሳች፣ ሮተሩን ሳበች፣ ቀለበቱን አወጣች። ብሎኗ አንዴ ወደቀባት፤ ከሞተሩ ሥር ፈልገን አገኘናት። ፑንቲናዋን አስገብታ ክፍተቷን በወረቀት ለካች፤ ኮንዴንሰሯን አሰረች። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባት። እጇ ጠቆረ። ቁልፉን አዞረች፤ መኪናዋ ተነሳች፣ ትንሽ ሻከር ባለ ድምፅ፣ ከዚያ ተስተካከለች።

እጇን ሳትጠርግ ቆማ «አባቴ ይህን ሲሠራ የእጅ ባትሪ የምይዝለት እኔ ነበርኩ» አለች። «ሁልጊዜ ‘ወደዚህ አብሪ፣ ወደዚህ’ ይለኝ ነበር። ምን እንደሚያይ ግን ገብቶኝ አያውቅም።»

ከዚያ መልሳ ፈታችው፤ ሴንሰሯን ራሷ ገጠመች። ፑንቲናዋን በጨርቁ ጠቅልላ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ አስቀመጠቻት።